ጌታ ያጣው የመንገድ ዳር

በአራዳ፥ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ዓውደ ምሕረት ላይ፥ መምህሩ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የእንክርዳዱን ምሳሌ በሚተረጕሙበት ጊዜ፥ ከእኛ ከከተሜዎቹ ምእመናን የሚበዛው እርሻውን ዓለም፥ መከሩን ዕለተ ምጽአት አድርጎ በመንፈሳዊ ትርጓሜው ይቀበለዋል እንጂ፥ ክረምት በመጣ ቍጥር ከነቤተሰቡ ማሳው ውስጥ ለአረም ጐንበስ ብሎ የሚውለውን የወሎና የሐረርጌ ገበሬ የሚያስበው ጥቂት ነው።

ያን ገበሬ ያስጨነቀው ቅንጨ አረም፥ በምሥራቁ አገር ፈረምሲሳ፥ በሊቃውንተ ዕፀዋት ዘንድ ደግሞ ፓርቴኒየም የሚባለው፥ ጥቃቅን ነጫጭ አበባ ያለው የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። በ1980 ዓ.ም. ድሬዳዋና ደሴ ላይ በእርዳታ እህል ማከፋፈያዎች አጠገብ በመታየቱ ከስንዴው ጋር ተቀላቅሎ ገባ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከዚያ አስቀድሞ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የጦር ተሽከርካሪዎች አመጡት የሚሉም አሉ። ወደ ሕንድም ከአሜሪካ በተጫነ ስንዴ እንደ ገባ ስለሚነገር እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ምጽዋቱን መንቀፌ ግን አይደለም፥ ነፍስ አድኗልና።

በወንጌሉ ምሳሌ ባለቤቱ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ያድጉ ዘንድ መፍቀዱ ትዕግሥተ እግዚአብሔርን የሚያስተምር ሆኖ ሳለ፥ ቅንጨንም በዚሁ ሥርዓት እታገሣለሁ የሚል ገበሬ እርሻውን ያጣል፤ አረሙ በበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚያብብ፥ አንዱ እግርም ከ15 ሺህ የሚበልጥ ዘር ሊሰጥ የሚችል በመሆኑ፥ ማሽላው ለማጭድ ሳይደርስ እርሱ ዘሩን አራግፎ ጨርሷል። ከሰውነቱ የሚወጣው መርዝ በአጠገቡ ያለውን አዝርዕት ያቀጭጫል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፤ ያለ ጓንት የሚነቅለውም ሰው ቆዳው ይቈስላል፥ አንዳንዱም ትንፋሽ ያጥረዋል።

እኔን የሚያስቈጣኝ ግን ገበሬው ማሳውን ካጸዳ በኋላ የሚሆነው ነው። ቅንጨ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው ባለቤት የሌለው መሬት፥ የመንገዱ ቦይ፥ የባቡር ሐዲዱ ዳር፥ የወል ግጦሹ፥ በከተማም ታጥሮ የተቀመጠው ባዶ ቦታ ነውና፥ ገበሬው ደጋግሞ ያረመው ማሳ በአንድ ቀን ጎርፍና በጭነት መኪና ጎማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ እንደገና ይዘራበታል። መንግሥት ገበሬውን አርም ሲለው የራሱን ቦይ ሳያርም ነው። ዘመቻ የሚባለውም፥ ባለሥልጣናት ጓንት አጥልቀው ፎቶግራፍ የሚነሡበትን ማለቴ ነው፥ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው አበባው ከነጣ በኋላ ስለሆነ፥ የተነቀለው ክምር በየመንገዱ ዳር ሲደርቅ ዘሩን ለነፋስና ለውሃ ያስረክባል።

በአምቦ የዕፀዋት ጥበቃ ምርምር ማእከል ያሉ ሊቃውንት፥ ቅንጨን እንጂ የእርሻ ሰብልን እንደማትጎዳ የተፈተነችውን የሜክሲኮ ጥንዚዛ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ወለንጪቲ ላይ እንድትለቀቅ መድከማቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ጥንዚዛዋ ቅጠሉን ትበላለች እንጂ የመኪናውን ጎማ አታጥብም። አውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ተሽከርካሪና ኮምባይነር የሚታጠብባቸውን ጣቢያዎች አቁማለች፤ እኛም ከአርሲና ከባሌ እየተከራየ የሚዞረው ኮምባይነር ሳይታጠብ ከወረዳ ወረዳ እንዳይሻገር ማዘዝ ይቻለናል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገድ ጥገና በጀት ሲመደብ፥ ቦዩን አረሙ ሳያብብ ማጽዳት በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ተቋራጩም ክፍያውን የሚቀበለው በመንገዱ ዳር የሚያርሱት ገበሬዎች ጸድቷል ብለው ሲፈርሙለት ብቻ ይሁን።