ከአዘዞ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ጎርጎራ

ባለቤትዎ በአብርሃ ጅራ በእርሻ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በትምህርት ቤት ሥራ ላይ የሚገኝ፣ እርስዎም በአዲስ አበባ ሥራዎን እየሠሩ ልጆች የሚያሳድጉ እናት ከሆኑ፣ ቤተሰቡ በአንድነት የሚያርፍባት ጊዜ በዓመት ከጥቂት ቀናት እንደማትበልጥ የታወቀ ነው። በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎና ተጭኖ እስኪያልቅ ኅዳርና ታኅሣሥ ያልፋሉ። በከተማ ደግሞ የትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት የሚውለው በጥር ማብቂያ ገደማ ነው። ሁለቱ የሚገጥሙባትን አንዲት ሳምንት በየመናኸሪያው ጨርሶ መመለስ ያሳዝናል።

ልጆቹ ባሕር ማየት አማረን አሉ እንበል። የቀድሞ ወላጆች ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ምጽዋን ይጠሩ ነበር። ምጽዋ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ በሌላ አገር ግዛት ውስጥ ትገኛለች። ሆኖም በቋንቋችን ጣናም ባሕር ነው፤ በዳርቻው የተቆረቆረችው ከተማም በዚሁ ስም ባሕር ዳር ተብላለች።

ታዲያ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ብንበርስ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለእርስዎ ይህ ይቀላል። ለባለቤትዎ ግን አይቀልም። እርሱ ከአብርሃ ጅራ ተነሥቶ፣ በሳንጃ አልፎ ጎንደር እስኪደርስ በቂ አቧራ ጠጥቷል። ከጎንደር ባሕር ዳር ደግሞ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሄድ አንድ ቀን፣ ሲመለስ አንድ ቀን ቢቆጠር ከዕረፍቱ ምን ይተርፋል? የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ የያዘችው ጎርጎራ ግን ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ፣ ለሁለቱም ወገን የተመቸች መገናኛ ናት።

ከቦሌ የተነሣው አይሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ በአፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ ያወርድዎታል። ማረፊያው ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ ከአዘዞ አለፍ ብሎ የሚገኝ ነው። ወደ ጎርጎራ የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚያው ከአዘዞ ነው። በቆላ ድባና በጭዋሂት በኩል የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ይህን ያላወቀ መንገደኛ በኮንትራት ታክሲ ጎንደር ከተማ ድረስ ይገባና፣ ከመናኸሪያ ተሳፍሮ ያንኑ የመጣበትን መንገድ ወደ አዘዞ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት ነው።

ነገር ግን አዘዞ ላይ ቆሞ መኪና መጠበቅም የራሱ ጣጣ አለው። ከጎንደር የተነሣው መኪና አዘዞ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሞልቷል፤ ረዳቱም ልጆችዎን በትርፍ ሊጭናቸው ይፈልጋል። አንድ ሻንጣ ብቻ የያዘ ብቸኛ መንገደኛ ሊታገሥ ይችላል። ሁለት ልጅና ጓዝ የያዘች እናት ግን ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርታም ቢሆን ከአዘዞ እስከ ጎርጎራ መኪና ኮንትራት ብትይዝ ይሻላታል እንላለን። ዋጋውን ጓዙ ከመጫኑ በፊት መስማማት ነው፤ ከተጫነ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ በሾፌሩ አሸናፊነት ያልቃል። በሕዝብ ማመላለሻ ከሄዱም ለእያንዳንዱ ልጅ ወንበር ይክፈሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት፣ መንገደኛም የሚታገትበት ጊዜ መኖሩን አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ የምንመክረው ቅደም ተከተል አለ፤ እርሱ ጎንደር በሰላም ሳይገባ እርስዎ ከቦሌ አይነሡ። ቲኬቱም ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ይሁን። ባለቤትዎ የወቅቱን ገቢ በኪሱ ይዞ መጓዝ የለበትም፤ በባንክ ይላክ። የጎርጎራም መንገድ በዋዜማው በስልክ ተጠይቆ፣ ጉዞው በጠዋት ተጀምሮ ጀንበር ሳትጠልቅ ማለቅ ይኖርበታል። መንገዱ አያስኬድም ከተባለ ጎንደር ከተማ ውስጥ አብሮ መሰንበትም ዕረፍት ነው፤ ልጆቹ የፋሲልን ግንብ ያያሉ። በተረፈ የጥምቀትን ሰሞን ይለፉት፤ ያን ጊዜ አይሮፕላኑም አልጋውም በእንግዳ ይያዛል፤ ዋጋውም አይቀመስም።

ጎርጎራ ሲደርሱ ልጆቹ መጀመሪያ የሚያደርጉት ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ውሃው መሮጥ ነው። እዚህ ላይ ቆፍጠን ይበሉ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ሽሉ የሚያድገው በሣርና በቄጠማ ሥር በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ውስጥ ሲዋኝ ያገኘውን የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ መግባቱም አይታወቅም። ፀሐይ ጠንክራ ልጆች መዋኘት የሚያምራቸው የቀትር ሰዓት፣ ሽሉም በብዛት የሚወጣበት ነው። ውሃው ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም። በመዋኘት ብቻም አይደለም፤ ዳር ቆማ ልብስ የምታጥብ እናትም እግሯንና እጇን ለዚያው ሽል ትሰጣለች። ስለዚህ ልጆቹ በጀልባ ይዙሩ፤ በውሃው ዳር ይጫወቱ እንጂ አይግቡበት። ለገላ መታጠቢያ የሐይቅ ውሃ ብቻ ከተገኘ ፈልቶ ይቀዝቀዝ፤ ወይም በንጹሕ ዕቃ ሁለት ቀን ሙሉ ይቀመጥ፤ ሽሉ ያን ያህል አይቆይም። ለመጠጥ ግን ማፍላት የግድ ነው።

ጀልባ ሲከራዩ ለልጆቹ ተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩን አስቀድመው ይዩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት ይመረጣል። ወደ ገዳም እንወስዳችኋለን ካሏችሁም ከመክፈልዎ በፊት ሴት ያስገባል ወይ ብለው ይጠይቁ። ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን የመሳሰሉ የጣና ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ እናት ሙሉ ዋጋ ከፍላ ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቅበት ጉዞ ለማን ነው? እዚያው ጎርጎራ ያለችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በጥንታዊ ሥዕሎቿ የታወቀች ናት፤ በእግርም ይደረስባታል።

ሌሊቱን አጎበር አይለይዎት። የደምቢያ ሜዳ የወባ አገር ነው። አልጋ ሲከራዩ አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው በብርሃን ዘርግተው ይመልከቱት፤ መርፌና ክር ቢይዙም ክብደቱ አይጎዳዎትም።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ከቤተሰቡ አንዱ ቢያተኩሰው መንገድ አደከመው ብለው አይለፉት፤ በቶሎ የወባ ምርመራ ይደረግለት። ልጅ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ደግሞ ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይመርመር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት የሚገድለው ያደገውን ትል ስለሆነ፣ በማግሥቱ ቢወሰድ የሚፈለገውን ያህል አይሠራም። አብርሃ ጅራ የከረመው ባለቤትዎ ትኩሳቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ከከሳና ከግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ካበጠ፣ ለሐኪሙ ከየት እንደመጣ ይንገር። በዚያ ቆላ በግራር ጥላ ሥር የሚያድሩ ሠራተኞችን የሚያጠቃ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ፤ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካልተነገረው በስተቀር ቶሎ ላይጠረጥረው ይችላል።