ሁለተኛው ውሸት

ስለ ኢንሹራንስ ማጭበርበር ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን መኪናውን ሸጦ «ተሰረቀብኝ» የሚል ሰው ነው። እሱን ለፖሊስ እንተወው። የእኔ ጉዳይ ከሌላኛው ጋር ነው፤ ሠርቶ ከሚያድረው፣ የሰው ገንዘብ ከማይነካው፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ሲገባ ግን «ምን ችግር አለው» ብሎ አንድ ሁለት ነገር ከሚያጣምመው ሰው ጋር። ይህን ሰው ባዶ እጁን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ፎርሙ ላይ ያሰፈረው ውሸት አይደለም ባይ ነኝ። የሚያስቀረው ከአደጋው በኋላ፣ ያንን ለመሸፈን ሲል የሚጨምረው ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ውሸት አወላለዱ ቀላል ነው። «መኪናውን ማን ይነዳዋል?» ሲባል «እኔ ብቻ» ይላል፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወራት የሆነው ታናሽ ወንድሙ በየሳምንቱ መጨረሻ ቁልፉን እንደሚወስድ እያወቀ። ሌላው ከዚህ በፊት የደረሰበትን አደጋ ይዘላል። ኮድ 2 ሰሌዳ የለጠፈችው ቪትዝ «ለግል አገልግሎት» ተብላ ትመዘገብና ማታ ማታ በስልክ እየተጠራች ሰው ታመላልሳለች። አረቦኑ ትንሽ ይቀንሳል፣ ማንም የተጎዳ አይመስልም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፎርሙን የሚሞላው ኮሚሽኑን የሚጠብቀው ወኪል ነው፤ ከደንበኛው የሚፈለገው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሲባል መፈረም ብቻ ነው። አረቦን በሚከፈልበት ቀን የሚመረምር የለም። ምርመራው የሚመጣው ካሳ ሲጠየቅ ነው።

ሕጉ ግን ሰው ከሚያስበው ይልቅ ለተሳሳተ ሰው የዋህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አብዛኛው ክፍሉ በ2013 በአዲስ ቢተካም፣ የኢንሹራንስ ድንጋጌዎቹ ዛሬም ይሠራሉ። እዚያ ውስጥ ሁለት ድንጋጌዎች አሉ። አንደኛው ሆን ብሎ እውነቱን የደበቀን ወይም ሐሰት የተናገረን ሰው ይመለከታል፤ የተደበቀው ነገር ኩባንያው ቢያውቀው ኖሮ ውሳኔውን የሚለውጥበት ከሆነ ውሉ ዋጋ ያጣል፣ የተከፈለው አረቦንም አይመለስም። ሌላው ያለ ተንኮል ለተሳሳተው ወይም ለዘነጋው ነው። የዚህ ሰው ውል አይፈርስበትም። ስህተቱ የታወቀው ከአደጋው በኋላ ከሆነ ካሳው ይቀነሳል፤ መለኪያውም በከፈለውና መክፈል በነበረበት አረቦን መካከል ያለው ልዩነት ነው። 30 ሺህ ብር መክፈል ሲገባው 20 ሺህ የከፈለ ሰው፣ ጉዳቱ 300 ሺህ ቢሆን በግርድፉ 200 ሺህ ያገኛል።

የመኪና ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብም በተመሳሳይ መንፈስ ነው የሚዳኘው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል፤ 2 ሚሊዮን ብር የምታወጣን መኪና በድሮው 1 ሚሊዮን ያስመዘገበ ሰው፣ ማንንም ባይዋሽም እንኳ፣ ከጥገናው ወጪ ግማሹን ራሱ ይችላል። ቅጣት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

እንግዲህ በ200 ሺህ ብርና በባዶ እጅ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ማታለል ነበር ወይስ አልነበረም? ነበር የሚለው ኩባንያው ነውና ማስረዳቱም የእሱ ሸክም ነው። ማስረጃውን ፈርመን የምንሰጠው ግን እኛው ነን።

ታናሽ ወንድምየው አንድ ማታ መገናኛ አካባቢ ከሚኒባስ ጋር ተጋጨ እንበል። መንጃ ፈቃዱ የጸና ነው፣ አልጠጣም፤ ፎርሙ ላይ አለመኖሩ ብቻ ነው ጉድለቱ። ገና ትራፊክ ሳይደርስ ስልክ ይደወላል፣ ታላቅየው ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ እየሮጠ ይመጣል፣ የሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ይመክራል፦ «አንተ ነበርክ በል፣ ኢንሹራንሱ በስምህ አይደል እንዴ!» አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉት ይኼ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ያነሳል፣ ቃል ይቀበላል፣ ታላቅየው ይፈርማል። ከዚያች ፊርማ በኋላ «ፎርሙን ወኪሉ ነው የሞላው፣ እኔ አላስተዋልኩም» ቢል ማን ያምነዋል? ያላስተዋለ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም።

ለመታወቅ ደግሞ ብዙ አይፈጅም። የሚኒባሱ ረዳት ማን ከመኪናው እንደወረደ አይቷል፤ የሚዋሽላቸው ምክንያትም የለውም። ወንበሩ ለአጭሩ ታናሽ ወንድም ልክ ሆኖ ወደ ፊት እንደተሳበ ነው። ታላቅየው አደጋው በደረሰበት ደቂቃ ከወንድሙ የተደወለለት ስልክ አለ። ጉዳት የሚገምተው ባለሙያ ሥራው ይኼው ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ በየሳምንቱ ይሰማል።

በየውሉ ውስጥ በማታለል የቀረበ የካሳ ጥያቄ መብት ያሳጣል የሚል ቃል የተለመደ ነው። ሊቀነስ ይችል የነበረው ካሳ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ራሱ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው የሚኒባሱ ጥገና ከኪስ ነው። መኪናዋ በባንክ ብድር የተገዛች ከሆነ ደግሞ ካሳው ሲቀር ዕዳው አብሮ አይቀርም፤ ባንኩ መጀመሪያውኑ ኢንሹራንስ ግባ ብሎ ያስገደደው ገንዘቡን ለማስከበር ነበር። ለፖሊስ የተሰጠው ሐሰተኛ ቃል በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል፤ በግጭቱ አንድም ጥፋት ያልነበረበት ታላቅ ወንድም ተከሳሽ ይሆናል። ከድጡ ወደ ማጡ።

እውነት ሁልጊዜ ገንዘብ ታስገኛለች ማለቴ አይደለም። የግል ተብላ ለንግድ የምትሠራው ቪትዝ ተሳፋሪ ጭና ከተጋጨች፣ ውሉ ራሱ አገልግሎቱን ለግል ብቻ ስለሚወስነው ባለቤቱ እውነቱን ቢናገርም ለመኪናው ላያገኝ ይችላል። ግን ኪሳራው እዚያ ላይ ይቆማል። ተሳፋሪዋን «የአክስቴ ልጅ ናት» ካለ ግን ኪሳራው ላይ ወንጀል ጨመረበት።

በውጭ ባለው ወገናችን ዘንድ የሁለቱ ውሸቶች ርቀት ይበልጥ ይሰፋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው መኪናውን ሜሪላንድ እያሳደረ የቨርጂኒያ ዘመድ አድራሻ ቢያስመዘግብ፣ አረቦን መኪናው በሚያድርበት ሰፈር ስለሚሰላ፣ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት የውሉ መሰረዝ ወይም ካሳ መከልከል ነው። ኒውዮርክን የመሰሉ ግዛቶች ኩባንያው ውሉን ወደ ኋላ ሄዶ እንዳይሰርዝ ይከለክላሉ፤ የተገጨው መንገደኛ በሌላ ሰው ውሸት እንዳይቀጣ ነው። ያው ሰው ያልደረሰ አደጋ ደረሰ ብሎ ካሳ ቢጠይቅና ቢፈረድበት ግን ነገሩ ከኢንሹራንስ ያልፋል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጉዳት ያደረሰ የማጭበርበር ጥፋተኝነት ዜግነት ያልወሰደን ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ለመባረር የሚያበቃ ከባድ ወንጀል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳለው፣ የገንዘቡ መጠን የሚታየው በተፈረደበት የወንጀል አንቀጽ ቃል ሳይሆን በጉዳዩ ትክክለኛ ሁኔታ ነው። ሃያ ዓመት የኖረበትን አገር በአንድ ሐሰተኛ የጋራዥ ደረሰኝ ማጣት ይቻላል።

ኩባንያዎቹንም ነጻ አላወጣቸውም። አገራችን ውስጥ ብዙው ውል የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈራሚው አብዛኛውን አያነበውም። ወኪሉ ጥያቄዎቹን በአማርኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ የተሞላውን ፎርም ቅጂ ለደንበኛው እንዲተው ማስገደድ ከባድ ሥራ አይደለም። የካሳ ክፍል ሠራተኛም ቃል ከመቀበሉ በፊት «ፎርሙ ላይ የተሳሳተ ነገር ካለ አሁን ይንገሩን፣ ካሳዎ ቢቀንስ እንጂ አይቀርም» ቢል፣ ስንቱ ታላቅ ወንድም ከሾፌር ወንበሩ ይወርድ ነበር። ይህን ማለት ኩባንያውን የሚያሳጣው ለመከልከል የሚያመቸውን ምክንያት ብቻ ነው፤ እስካሁን የማይባለውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።