ቅጂው ያቆየልን ኩርዓተ ርእሱ

የጌታችንን ሕማም በጾምና በስግደት አስበን ለብርሃነ ትንሣኤው በደረስንበት በዚህ ሰሞን፣ በወልድያና በመርሳ ከተሞች፣ በሀብሩም የገጠር ቀበሌዎች በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ቅዱሳት ሥዕላት ልብ ብለን ብናያቸው መልካም ነው። አብዛኞቹ ቅጂዎች ናቸው። ቅጂ በመሆናቸውም ሲናቁ፣ ሲያረጁም ሲጣሉ ይታያል። እኛ ግን ቅጂ ሊናቅ እንደማይገባው የሚያስረዳ ታሪክ በወሎ ምድር አለን፤ እርሱም የኩርዓተ ርእሱ ታሪክ ነው።

ኩርዓተ ርእሱ ማለት ከ13ቱ ሕማማተ መስቀል አንዱ የሆነው፣ የጌታችን ራሱን በዘንግ መመታት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ሥዕል የእሾህ አክሊል የደፋውን መድኃኔዓለምን ያሳያል። በአገራችን ትውፊት ሥዕሉ ወንጌላዊው ዮሐንስ የሣለው እንደሆነና ከግማደ መስቀሉ ጋር እንደመጣ ይነገራል። ግማደ መስቀሉ በሀብሩ ጎረቤት በአምባሰል፣ በግሸን ደብረ ከርቤ ማረፉን ለወሎ ሰው መንገር አያሻም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁራን በበኩላቸው የአሣሣሉን ስልት መርምረው፣ ሬኔሳንስ በሚባለው ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በፍላንደርስ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ የተሠራ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ከሩቅ የመጣው ሥዕል የኢትዮጵያ ሆነ። የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ዘመቻ ድል ሲሆኑ በጠላት እጅ ወድቆ፣ በኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመልሷል።

በእነዚያ ዘመናት ሠዓሊዎቻችን ይህንኑ ሥዕል ደጋግመው ቀዱት። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም፣ በእንጨት ገበታ ላይም ሣሉት። ሲቀዱም የባዕዱን እጅ ብቻ አልተከተሉም፤ በአገራቸው ቀለምና መሥመር፣ በለመዱት የዐይን አሣሣል እንደገና ወለዱት።

ከዚያ በኋላ የመቅደላው ቀን መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለተ ስቅለት ነበር፤ በአሮጌ የአፄ ቴዎድሮስና የእንግሊዝ ጦር የተዋጉት በዚያ ዕለት ነው። ፋሲካ እሑድ ዋለ። በማግሥቱ፣ በዕለተ ማዕዶት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠው፤ መቅደላም ተዘረፈ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ኩርዓተ ርእሱን ወስዶ የግሉ አደረገው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥቱና ሥዕሉ እንዲመለሱ ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሆምስ በዚያን ጊዜ የንግሥቲቱ የዊንድሰር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር! ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950ም እንደገና ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ዋናው ሥዕል ተወስዶ ሳለ የኩርዓተ ርእሱ መልክ ከምእመናን ዐይን ያልጠፋው በምን ምክንያት ነው? በቅጂዎቹ ነው። ይህም በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በብዙ ቤቶቻችን ቅጂው የሚገኘው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» ሚላኖ ውስጥ በገዳም ግድግዳ ላይ ተሥሎ ገና በጊዜው መበላሸት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈጸመው ታላቅ ጥገና ሲካሄድ፣ የጠፋውን ለማወቅ ባለሙያዎቹ ካመሳከሯቸው መካከል የሊዮናርዶ ተከታይ ጃምፔትሪኖ ከዘመናት በፊት የሣለው ቅጂ ይገኝበታል። ቅጂው ለዋናው ምስክር ሆነለት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ «ቅጂው ካለን ዋናው ለምን ያስፈልገናል?» የሚለውን አንቀበልም። ምስክር የሚቆመው ባለመብቱ መብቱን እንዲያገኝ ነውና። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት ከኤደንብራ በ1994 ዓ.ም.፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉርም ከለንደን በ2011 ዓ.ም. ተመልሰዋል። ኩርዓተ ርእሱም እንዲመለስ መጠየቃችንን ልናቋርጥ አይገባም።

ዋናውን የሚጠይቅ ግን አስቀድሞ በእጁ ያለውን ይጠብቅ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደጃቸው ያለፈባቸው የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ሰዎች በአንድ ቀን ምን ያህል ነገር ሊጠፋ እንደሚችል ያውቃሉ። ስለሆነም የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በእጁ ያሉትን ጥንታውያን ሥዕላት ቈጥሮ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያስመዝግብ። «እናድሰው» በሚል በጎ ሐሳብ አሮጌውን ሥዕል በዘይት ቀለም መሸፈን፣ በውኃ ማጠብ፣ ለነጋዴም አሳልፎ መስጠት ይቅር። አዲስ ሥዕል ለማሠራት አቅም ያለው ምእመን ደግሞ የአገሩን ሠዓሊ ይፈልግ። የቤት እመቤቶችና አባወራዎችም በግድግዳቸው ያለውን ሥዕል ስሙንና ታሪኩን ለልጆቻቸው ይንገሩ። ልጁ ስሙን ያላወቀውን ሥዕል ነገ ሲያረጅ ይጥለዋል፤ ታሪኩን የሰማውን ግን ይጠብቀዋል።

የእሾህ አክሊል የደፋልን ጌታ በዓሉን የሰላም፣ የፍቅርና የበረከት ያድርግልን። መልካም የትንሣኤ በዓል!