ጉራማይሌው ገበታ ምን አጠፋ?

ጃፓን ደርሶ ከመጣ ሰው ጋር አሜሪካ ውስጥ ሱሺ ቤት ከገባችሁ እራቱ ችሎት ይሆናል። ሜኑው ሳይገለጥ ብይኑ ተሰጥቷል፦ «ይሄ እኮ የጃፓን ምግብ አይደለም።» አቮካዶ እዚህ ምን ይሠራል? ማዮኔዙን ማን ጠራው? ቶኪዮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢያቀርቡ ሰው ጥሎ ይወጣል። ጃፓንን በካርታ ብቻ የሚያውቀውም ይህንኑ ከሌላ ሰምቶ ይደግማል፤ ዛሬ «እውነተኛውን» ከተቀየጠው መለየት የዐዋቂ በላተኛ ማዕረግ ሆኗልና። የምግብ ቤቱ ባለቤት በበኩሉ «ምሥራቅና ምዕራብ የተገናኙበት ገበታ» የሚል ጽሑፍ በሜኑው አናት ላይ ያሰፍርና ለመገናኘታቸው ለብቻው ዋጋ ይጨምርበታል።

ሁለቱም ስተዋል ባይ ነኝ። አንዱ መቀየጥን እንደ ወንጀል፣ ሌላው እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። መቀየጥ በራሱ ግን ወንጀልም ሙያም አይደለም። አንዱን ቅይጥ ምግብ ከሌላው የሚለየው ምክንያቱ ነው። ማን ቀየጠው? ምን ቸግሮት? ለማን አፍ ብሎ? እነዚህን ጥያቄዎች ያልጠየቀ በላተኛ ሩብ ሕይወቱን ቶኪዮ ቢኖር እንኳ የቀረበለትን ሳህን መመዘን አይችልም።

በብዛት ከሚሰደበው እንጀምር፤ ከካሊፎርኒያ ሮል። በፈጠራው ባለቤትነት ላይ ክርክር አለ። በካናዳ ቫንኩቨር የሚሠራው ሼፍ ሂዴካዙ ቶጆ «የእኔ ነው» ይላል። በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ግን ሊትል ቶኪዮ ከሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር፣ ቶኪዮ ካይካን ከተባለ ምግብ ቤትና ኢቺሮ ማሺታ ከተባለ ሼፍ ዘንድ ያደርሰናል፤ ጊዜውም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መካከል ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማሺታን የቸገረው ቶሮ ነበር። ቶሮ የቱና ዓሣ ሆድ አካባቢ ያለው ስባማ ሥጋ ነው፤ በዚያ ዘመን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። አቮካዶ ግን ደጅ ላይ ሞልቷል፤ ስብ አለው፣ አፍ ላይ ይሟሟል። ሼፉ ከሸርጣን ሥጋ ጋር ጠቀለለው። ጥቁሩ የባሕር ቅጠል፣ ኖሪ፣ ለአሜሪካዊው ዓይን ስላላማረ ደግሞ ውሎ አድሮ ሩዙ ወደ ውጭ ወጣ፣ ኖሪው ወደ ውስጥ ገባ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

አቮካዶው የተካው ቶሮ ራሱ የክብር ወንበር ላይ ከተቀመጠ ብዙ አልቆየም። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ቶሎ ስለሚበላሽ ጃፓናውያን የሚንቁት ሥጋ ነበር፤ የተወደደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሱሺ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተስፋፋው በ1820ዎቹ ኤዶ በምትባለው በያኔዋ ቶኪዮ፣ በመንገድ ዳር ሱቆች፣ ቸኩሎ ለሚያልፍ ሰው ነበር። በሊጥ ተነክሮ የሚጠበሰውን ቴምፑራ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ፖርቱጋሎች፣ የኑድል ሾርባውን ራመን ቻይናውያን፣ ካሪን እንግሊዞች አመጡላቸው። አፄ ሜይጂ በ1872 የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ እስኪነገር ድረስ ሥጋ ለብዙ ዘመን የተነወረ ነበር፤ ቶንካትሱ የሚባለው የአሳማ ጥብስ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጥሬ ሳልሞን በሱሺ ላይ የተለመደውም ኖርዌያውያን በ1980ዎቹ ዓሣቸውን ለጃፓን ለመሸጥ ብዙ ከደከሙ በኋላ ነው። ታዲያ ዳኛችን የሚመልሰን ወደ የትኛዋ ጃፓን ነው?

መንግሥት እንኳ ይህን ዳኝነት ሞክሮት አልሆነለትም። በ2006 የጃፓን ግብርና ሚኒስትር የነበሩት ቶሺካትሱ ማትሱኦካ ኮሎራዶ ውስጥ «የጃፓን» የተባለ ምግብ ቤት ሱሺን ከኮሪያ ጥብስ ጋር ሲያቀርብ አይተው ተቆጡ። በውጭ አገር ላሉ የጃፓን ምግብ ቤቶች «እውነተኛ» የሚል ምስክር ወረቀት ለመስጠትም ዕቅድ አወጡ። የአሜሪካ ጋዜጦች «የሱሺ ፖሊስ ሊመጣ ነው» እያሉ ተሳለቁ፤ በዓመቱ ዕቅዱ ለዝቦ ምክር ብቻ ሆኖ ቀረ። ቶንካትሱን ከነካሪው የሚበላ አገር የሌላውን ድስት ለመፈተሽ ሲነሣ ቢሳቅበት አይገርምም።

«የጃፓን ምግብ አይደለም» የሚለው ብይን ትልቁ ጥፋት ግን አንድን ሕዝብ ከነታሪኩ መሰረዙ ነው። የጃፓን ምግብ አሜሪካ የገባው በሼፍ ሻንጣ ብቻ አይደለም። ከ1885 ጀምሮ በውል የተቀጠሩ ጃፓናውያን ወደ ሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ጎረፉ፤ እዚያም ከቻይናው፣ ከፖርቱጋሉ፣ ከፊሊፒኑ ሠራተኛ ጋር ምሳ ተካፍለው በሉ። በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሩን ዘጋባቸው። በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት 9066 ቁጥር ትእዛዝ ደግሞ 120 ሺህ ያህል የጃፓን ተወላጆችን ከምዕራብ ጠረፍ አግዞ ራቅ ባሉ ካምፖች አጎራቸው፤ ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ሊትል ቶኪዮ ወና ሆነ። ቻይና ምግብ ቤት ከሒሳብ ጋር የሚመጣው፣ ውስጡ የዕድል ወረቀት ያለበት ብስኩት ሳይቀር ቀድሞ የካሊፎርኒያ ጃፓናውያን ጋጋሪዎች ሥራ ነበር፤ እነሱ ሲታጎሩ ንግዱ ወደ ቻይናውያን እጅ ገባ።

ካምፑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅይጥ ተወለደ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ክርክር መፍቻው እዚያ ነው። ጂን ዋካትሱኪ ሂውስተን በ1973 በታተመው የማንዛናር ካምፕ ትዝታዋ እንደምትተርከው፣ በመጀመሪያው ቀን የምግብ አዳዮቹ በሩዙ ላይ የቆርቆሮ አፕሪኮት ከነስኳር ጭማቂው ደፉበት። እሷ እንደምትለው ጃፓናዊ ሩዝን በጨዋማ ነገር እንጂ በጣፋጭ አይበላም፤ አዳዮቹ ግን ደግ የሠሩ መስሏቸዋል። በሌላ በኩል እስረኞቹ በቀለብ የተሰጣቸውን ሆት ዶግ በሶይ ሶስና በእንቁላል እየጠበሱ ለሩዝ ማባያ ማድረግ ለመዱ፤ ከካምፕ ወጥተውም ለልጆቻቸው አወረሱት። ሃዋይ ውስጥም የጃፓን ተወላጆች ስፓም የሚባለውን የቆርቆሮ ሥጋ ጠብሰው በሩዝ ላይ አጋደሙና በኖሪ ጠቀለሉት፤ ስፓም ሙሱቢ ዛሬ በደሴቶቹ ነዳጅ ማደያ ሳይቀር ይሸጣል።

በ«እውነተኛነት» ሚዛን ከተመዘኑ አፕሪኮቱም ሆት ዶጉም ከቶኪዮ የሚርቁት እኩል ነው። በምክንያት ሚዛን ግን ሰማይና ምድር ናቸው። አንደኛው የበላተኛውን አፍ ሳይጠይቅ የተጫነ፣ ሁለተኛው በላተኛው ራሱ ያለችውን ይዞ የመሠረተው ምግብ ነው። ለዚህኛው «የጃፓን አይደለም» ብሎ መፍረድ ትክክል ነው፤ ግን ምንም አይነግረንም። የጃፓናውያን አሜሪካውያን ነው፤ እነሱም የቶኪዮ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

ታላላቆቹ ነጋዴዎችም የተነሡት ከእንዲህ ያለ ምክንያት ነው። ሂሮአኪ አኦኪ በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ ቤኒሃናን ሲከፍት ጠረጴዛዎቹ አራት ነበሩ። ደንበኛው ባዕድ ቤት መግባት ይወዳል፣ ባዕድ ምግብ ግን ይፈራል፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ሥጋ፣ ዶሮና ሽሪምፕ ፊቱ ላይ በጋለ ብረት ጠበሰለት። ኖቡዩኪ ማትሱሂሳ በ1973 ወደ ሊማ ሄዶ የፔሩን ሎሚና ቃሪያ ተማረ፤ በ1987 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ የራሱን ቤት ከፈተ፤ በ1994 ደግሞ ከተዋናዩ ሮበርት ዴ ኒሮና ከሌሎች ጋር ሆኖ ኒው ዮርክ ገባ። አንዲት ደንበኛ ጥሬ ዓሣ አልበላም ብላ ሳህኑን ስትመልስበት ዘይት አግሎ አፈሰሰበት፤ ላዩ ተለበለበ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ፣ እሷም በላች። ዘይቱ የገባው በላተኛዋን ለመድረስ ነው።

አሁን ወደ ዛሬዎቹ ተከታዮቻቸው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ምሕረት የለኝም። በአብዛኞቹ ምክንያቱ ጠፍቶ መቀየጡ ብቻ ቀርቷል። ሜኑው ላይ ድራጎን፣ ቮልካኖ፣ ሬንቦው የሚባሉ ሮሎች ተደርድረዋል፤ ሲመጡ ግን የሚለያዩት በስም ነው። የተጠበሰ ሽሪምፕ፣ ክሬም ቺዝ፣ በቃሪያ የቀላ ማዮኔዝ፣ ከላይ የሚንቆረቆር ጣፋጭ ቡናማ ሶስ። ዓሣው ከሥር ተቀብሯል፤ ደህና ይሁን ያደረ ማን ያውቃል? ማሺታ አቮካዶውን ያመጣው የጠፋውን ለመተካት ነበር፤ ይህ ሶስ የሚመጣው ያለውን ለመሸፈን ነው። የሱሺ ነፍስ ሩዙ ነው፤ በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው ተለውሶ ለብ እንዳለ ሊቀርብ ይገባዋል። ከፍሪጅ የወጣ ደረቅ ሩዝ ላይ ሦስት ዓይነት ሶስ ማፍሰስ የሁለት ባህሎች ጋብቻ አይባልም።

ከዚህ የባሰው የስም ማጭበርበር ነው። ኮቤ የሚባለው ዝነኛ የጃፓን የበሬ ሥጋ ከጃፓን ውጭ መሸጥ የጀመረው በ2012 ነው፤ ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ «ኮቤ በርገር» ብሎ ያስከፈለ ሁሉ ሌላ ሥጋ ነው የሸጠው። ከሱሺው አጠገብ የሚቀመጠው አረንጓዴ ዋሳቢም በአብዛኛው ሆርስራዲሽ የሚባል ሌላ የሚያቃጥል ሥር ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ገብቶበታል። ትሩፍል በሚባል ውድ እንጉዳይ ስም የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትሩፍል ያልነካው፣ በኬሚካል ሽታ የተሰጠው ዘይት ነው። ዳኛችን አቮካዶውን ሲያሳድድ እነዚህ በጎኑ አልፈው ሒሳብ ላይ ይደመራሉ። እውነት መጠየቅ ያለበት እዚህ ነበር፤ በተጻፈው ስምና በተከፈለው ገንዘብ ላይ።

«ፍሬሽ» የሚለውም ማባበያ እንዲሁ ነው። ጥሬ የሚበላ ዓሣ በብዛት አስቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ የአሜሪካ የምግብ ቁጥጥር መመሪያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሰባት ቀን ማቆየትን ከአማራጮቹ አንዱ ያደረገው ጥገኛ ተውሳክን ለመግደል ነው። ጥሬ ሥጋ ቆርጦ በልቶ ኮሶ ሲጠጣ ለኖረ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በረዶ ቤት ያደረ ዓሣ ነውር የለበትም፤ ነውሩ አላደረም ማለት ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አሜሪካ ውስጥ ጤፍ ሲያጡ በተገኘው ዱቄት እንጀራ ጋገሩ፤ በ1980ዎቹ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ አምርቶ ሲሸጥ ያ ችግር ቀለለ። ያንን ጤፍ የሌለበት እንጀራ «የእኛ አይደለም» ያለ ሰው የተራበ ሰው አላየም። የዶሮ ወጣችን መልክና ጉልበት የሆነው በርበሬስ? ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጭ ዘሩ አልነበረም። ዛሬ ግን ዶሮ ወጥን በቶርቲላ ጠቅልሎ ዋጋውን እጥፍ የሚያደርግ የአገራችን ሰው ካለ ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ለምን?

ጥያቄውን ለአስተናጋጁ በግልጽ ማቅረብ ነውር የለውም። ይህ ሶስ ለምን ገባ? ያለ እሱ ማምጣት ይቻላል? ሥጋው ከየት ነው? ሙያውን የሚያውቅ ቤት ደስ ብሎት ይመልሳል፤ ቀሪው ስለ ምሥራቅና ምዕራብ ያወራል። ምክንያት ያለው ቅይጥ ጥቂት ትውልድ ሲያልፍበት የአገር ባህል ተብሎ ይጠራል፤ ቴምፑራም ቶንካትሱም በርበሬያችንም በዚሁ መንገድ መጥተዋል። ምክንያት የሌለው ግን የሚቀጥለው ፋሽን ሲመጣ ከሜኑው ይወርዳል። እስኪወርድ ድረስ ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን፤ ምን እንደምንከፍልበት ማስረዳት ደግሞ የባለቤቱ ግዴታ ነው።