ሁለቱ ደብተሮችና የጠፋው ስም

ዛሬ የምናወጋው ኮምፒዩተር መዝገብን ከመዝገብ ጋር እንዴት እንደሚያጋጥም ነው። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን የእድራችሁን ጸሐፊ ብትጠይቁት ሥራውን ከጥንት ያውቀዋል። በአንደኛው ደብተር የአባላቱ ስም ከነቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል፤ በሁለተኛው ደብተር መዋጮ ሲገባ፣ ስምን ደጋግሞ መጻፍ ስለሚያሰለች፣ ቁጥሩ ብቻ ይመዘገባል። የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መሠረቱን የጣለለት የሠንጠረዥ አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ አንድ ወጣት የእድሩን መዝገብ በጃንጎ ሠራው እንበል። ጃንጎ በአሜሪካ አገር፣ በካንሳስ፣ በሎውረንስ ከተማ ጋዜጣ ቤት ተሠርቶ በ2005 ለሕዝብ የወጣ የዌብ መሥሪያ ነው። (ስሙ የጊታር ተጫዋቹ የጃንጎ ራይንሃርት ነው፤ ጊታርና መዝገብ ምን እንዳገናኛቸው እንጃ!) ይህ መሥሪያ 300 የመዋጮ መስመሮችን ከነስማቸው አሳይ ቢባል፣ መጀመሪያ መስመሮቹን ያመጣል፤ ከዚያም ለያንዳንዱ መስመር ስም ፍለጋ እንደገና ይመላለሳል። 301 ጉዞ መሆኑ ነው፤ ጡሩምባ ነፊው እንኳ እንዲህ አይለፋም። መድኃኒቱ «ሴሌክት ሪሌትድ» የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ሁለቱን ሠንጠረዦች አጋጥሞ ሁሉን ባንድ ጉዞ ያመጣል።

ፍጥነቱስ ደስ ይላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዝርዝሩ ከመዋጮው ደብተር የተነሣ እንደ ሆነ፣ ምንም ያልከፈለ ሰው ስሙ ከቶ አይወጣም። «አልከፈለም» ተብሎ አይጻፍም፤ ጨርሶ የለም። ባሏ ታሞባት መዋጮ ያጓደለች እናት ብትኖር፣ ሊጠይቋት የሚገባቸው የኮሚቴ ሰዎች ስሟን ስለማያዩ ይረሷታል። ኮምፒዩተሩም ስሕተት ነው ብሎ አይናገር፤ እርሱ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ስለዚህ የሚበጀው ከአባላቱ ደብተር ተነሥቶ መዋጮውን «ፕሪፌች ሪሌትድ» በተባለው ትእዛዝ ማስከተል ነው። ይኸኛው ሁለት ጉዞ ይሄዳል፤ አንዱን ለስሞቹ፣ ሌላውን ለክፍያዎቹ። ያልከፈለውም ሰው ስሙ ይወጣል፤ ከጎኑ ባዶ ይሆናል እንጂ አይሰረዝም። ብቻ ወጣቱ አባላቱን «በጥር ወር የከፈሉ» ብሎ ያጣራ እንደ ሆነ ያችው እናት ዳግመኛ ትጠፋለች፤ በዚያ ወር ሁለት ጊዜ የከፈለው ሰውዬ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

መዝገቡን ስትረከቡ እንግዲህ ስለ ፍጥነቱ አትጠይቁ። በዝርዝሩ የወጡትን ስሞች ቁጠሩና ከአባላቱ ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ አንድ እንኳ ቢጎድል ወጣቱን መልሳችሁ ጥሩት።