የእሳት ሳይንስን በኢንተርኔት የተማረ ሰው የእሳት አጥፊነት ማረጋገጫ ያገኛልን?

በዚህ ዘመን አንድ ወጣት ሰቆጣ ከተማ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ አማካይነት በአሜሪካ አገር ካለ ኮሌጅ ተመዝግቦ «የእሳት ሳይንስ» የሚባለውን ትምህርት ሊከታተል ይችላል። ክፍያው በዶላር የሚታሰብ ነው፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ አባቱ ወይም አጎቱ የሆነ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ነገሩ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የገበያውም ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ልጁ ዲፕሎማውን በያዘ ጊዜ እሳት አጥፊ ተብሎ ይታወቃልን? ሱቃችንስ በእርሱ ይጠበቃልን? የሚል ጥያቄ ነው።

በበኩላችን አይታወቅም እንላለን። ትምህርቱ ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም።

በመጀመሪያ ዲፕሎማው የሚሰጥበትን አገር ሥርዓት እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የእሳት አጥፊውን ሙያ መለኪያ በቁጥር 1001 ወስኖ ሲሠራበት ኖሯል፤ ይህም በ2024 እትም በቁጥር 1010 ውስጥ ተጠቃሏል። በዚህ መለኪያ የሚፈተን ሰው በጽሑፍ ከመጠየቁ ሌላ በመዛኞች ፊት ቆሞ የመተንፈሻ መሣሪያ ይለብሳል፤ መሰላል ያቆማል፤ ቱቦ ይዘረጋል፤ በጨለማ ውስጥ ዳብሶ ሰው ያወጣል። የኮሌጅ ዲግሪ ከዚህ ፈተና ነጻ አያደርገውም። እንዲያውም በኢንተርኔት የሚሰጠው የእሳት ሳይንስ ትምህርት በአብዛኛው የተሰናዳው በሥራው ላይ ላሉ እሳት አጥፊዎች ነው፤ እነርሱም በማዕረግ ለማደግ፣ ሕንፃ ለመመርመር ወይም የቃጠሎን መነሻ ለማጣራት ይማሩታል። እንግዲህ ወረቀቱ በተወለደበት አገር ያላስገኘውን መብት በዋግ ኽምራ ያስገኛል ብሎ ገንዘብ ማውጣት ከንግድ ሒሳብ ጋር የሚስማማ አይደለም።

ወደ እኛ ቀረብ እንበል። በጎረቤታችን በላሊበላ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አባሪ 14 በሚባለው ደንቡ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ እሳት አጥፊዎች ሁሉ በእውነተኛ እሳት፣ ያውም በግፊት በሚረጭ ነዳጅ በሚነድ እሳት ላይ እንዲለማመዱ ያዛል። ይህን የሚተካ የስልክ ትምህርት የለም።

የአገራችን የሙያ ሥርዓት ግን ለዚህ ወጣት አንድ በር ትቶለታል፤ ይህም በሚገባ የታወቀለት አይመስለንም። በ2000 ዓ.ም. ከወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስትራቴጂ ወዲህ፣ በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. የምንለው የብቃት ምዘና ዋና ጥያቄው «የት ተማርህ?» ሳይሆን «ምን መሥራት ትችላለህ?» የሚል ነው። ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ የተማረም፣ በሥራ ላይ የለመደም ሰው ቀርቦ ሊመዘን ይችላል። በኢንተርኔት ያገኘው ዕውቀት እዚህ ላይ ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን ምዘናው የተግባር ክፍል ስላለው ቱቦ ሳይጨብጥ የቀረበ ሰው በዚያው ይወድቃል።

ተግባሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ከራሳችን ተራራ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ፓምፕ ውሃን ከጕድጓድ ወይም ከወንዝ የሚያወጣው አየር የውሃውን ፊት ተጭኖ ወደ ቱቦው ስለሚገፋው ነው። በባሕር ወለል ልክ የአየሩ ክብደት ውሃን በሒሳብ እስከ 10 ሜትር ያህል ያነሣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በሰቆጣ ግን ይኸው ልክ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በባሕር ዳር አገር የተጻፈውን መጽሐፍ በቃሉ የያዘ ልጅ ፓምፑን ከገደል አፋፍ ላይ ተክሎ፣ ውሃው ታች እየታየው፣ ቱቦው ባዶ አየር ሲስብ ምክንያቱን ሲፈልግ እሳቱ ይጨርሳል። ሞተሩም በስስ አየር ጕልበቱ ይደክማል። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ቱቦዎች ማጋጠሚያቸው እንደማይገጥም ደግሞ የሚያውቀው እጁን ያቆሸሸ ሰው ብቻ ነው። (በርዳታ የተገኘ መኪና የሚቀበል ከተማ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነበር።)

ታዲያ በስልክ የሚገኘው ትምህርት የት ላይ ይጠቅማል? በሱቁ ውስጥ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሩቅ ምድጃ እሳት ይዞ ይመለሳል፤ ስለዚህ በጓዳ የተቀመጠ ጀሪካን ጎረቤትን ጭምር ያሠጋል። በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ እንፋሎቱም ከውሃው 1,700 ጊዜ ያህል ስለሚሰፋ የጋለውን ዘይት በሰውየው ፊት ላይ ይበትነዋል። ዘይት፣ ስኳር፣ የፕላስቲክ ጫማና ጨርቅ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያከማች የሰቆጣ ነጋዴ ይህን ለማወቅ ማረጋገጫ አያሻውም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ለዚህ ምስክር ነው። በአገሪቱ ዋና ከተማ፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ባለበት፣ የመንገዱ ጥበትና የሕዝቡ ብዛት ሥራውን እንዳወከው በጊዜው ተነግሯል። በሱቆች መካከል መተላለፊያ መተው የእሳት አጥፊው ሳይሆን የባለሱቁ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተቃጠለ ጊዜም ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ እሳቱን በቅጠልና በአፈር ሲታገል የነበረው ያገሬው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሰቆጣም ከሩቅ በሚመጣ ርዳታ ልትተማመን አትችልም።

በኢንተርኔት ብቻ መመካትም የራሱ አደጋ አለው። በአማራ ክልል በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ክፍያውን የከፈለ ተማሪ ትምህርቱን ከየት ያገኝ ነበር?

ስለዚህ ለልጁ ትምህርት ዶላር የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ ዘንድ እንመክራለን፤ ኮሌጁ በአገሩ መንግሥት የታወቀ ነውን? ትምህርቱ የተግባር ልምምድ አለውን? በክልላችንስ ልጁ የሚመዘንበት የሙያ ደረጃና መዛኙ ማን ነው? ሦስተኛው ካልተመለሰ የፊተኞቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። ንግድ ምክር ቤታችንም በበኩሉ ሦስተኛውን ጥያቄ ለክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ በጽሑፍ ቢያቀርብ፣ ደግሞም ጥቂት የሰቆጣ ወጣቶች የእሳት አደጋ ብርጌድ ባለበት ከተማ ለጥቂት ወራት ተቀምጠው እንዲለማመዱ የመጓጓዣና የቀለብ ወጪያቸውን ነጋዴው በመዋጮ እንዲሸፍን ቢያስተባብር፣ ለአንድ ልጅ የውጭ አገር ዲፕሎማ ከሚወጣው ገንዘብ የበለጠ ጥቅም ይገኝበታል። ንባቡን እዚያው ሆነው ማታ ማታ በስልካቸው ሊከታተሉት ይችላሉ። የእሳት አደጋ መኪና ይገዛ የሚለው አሳብ የሚቀርብ ቢሆንም፣ ግዢው ልጆቹ ተመዝነው ከተመለሱ በኋላ ይሁን፤ የቱ ፓምፕ ለየትኛው ወንዝ እንደሚስማማ የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና።