ሞንታርቦው የማን ነው?

ሰሞኑን እዚህ መቀሌ አንድ ወዳጃችን «ሙዚቃ ልጀምር ነው» አለን። ደስ አለንና «እስከ አሁን ምን አደረግህ?» ብለን ጠየቅነው። «ስፖንሰር እየፈለግሁ ነው» አለ። ጊታር የለውም። አንድ ዘፈን አልጻፈም። አብሮት የሚጫወት ሰው አላገኘም። ስፖንሰር ግን እየፈለገ ነው!

ሳቅንበት። ቆየት ብለን ግን ሳቁን ተውነው፤ እኛም በዚያው በር ላይ ቆመን እናውቃለንና። ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈው ለእሱና እሱን ለሚመስሉ ሁሉ ነው። የምንለው ነገር አንድ ነው፤ ስፖንሰርም ፈቃድም አትጠብቁ። ለዘፈኑ የከፈለ ዘፈኑን ያዝዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ፣ ተማሪዎች ሳለን፣ ከእኛ መካከል አራታችን ባንድ ነበረን። ባንዱ ስም አልነበረውም፤ ሁለት ዓመት በስም ተጣልተን ሳንስማማ ቀርተናል። የምንጫወተው ፈረንጆቹ ፓንክ የሚሉትን ነው፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ እናስብ ነበር። ሦስት ኮርድ፣ ፈጣን ድራም፣ ከጩኸት እምብዛም የማይለይ ዘፈን፣ በትግርኛ። ፓንክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክና ለንደን ላይ ሲነሣ ድምፁ ብቻ አልነበረም አዲሱ፤ አሠራሩም ነበር። «በደንብ መጫወት እስክትችል አትጠብቅ፤ ካሴቱን ራስህ ቅዳ፣ ፖስተሩን ራስህ ለጥፍ፣ ትኬቱን ራስህ ቁረጥ» የሚል አሠራር።

እኛም እንደዚያው አደረግን። ሞንታርቦ የምንከራየው ለሰርግ ከሚያከራይ ሰው ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ስላለ ለእኛ የሚደርሰን ማክሰኞ ነው። ስለዚህ የመቀሌ ፓንክ የማክሰኞ ሙዚቃ ነበር። «ቱር» ወጣን ስንል ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍረን ውቅሮ፣ አዲግራት፣ ዓድዋ፣ አክሱም፣ በደቡብ በኩል ደግሞ እስከ ማይጨው ሄድን ማለታችን ነው። ድራሙ ከላይ ይታሰራል፤ ረዳቱ ድራሙን እንደ ሁለት ሰው ያስከፍለናል። አዲግራት ላይ የተጫወትነው አንዲት አደይ በሚያስተዳድሯት እንዳ ስዋ ግቢ ውስጥ ነበር። ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ መጥተው፣ «ደቀይ፣ ይህ ነገር ሲያልቅ ጓይላ ትጫወታላችሁ አይደል?» አሉን። ተጫወትንላቸው። እራት አበሉን፣ ምንጣፍ አነጠፉልን፣ ጠዋት ለመንገድ ሕምባሻ ጠቀለሉልን። የሙዚቃ ኢንዱስትሪ የሚባለው ነገር ለእኛ እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ የት ተሰናከልን? አንድ ቀን ደፈር አልንና ትልቅ አዳራሽ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄድን። ኃላፊው ትሑት ሰው ነበሩ፤ አስቀመጡን፣ ሻይ አዘዙልን። ከዚያ «የዘፈኑ መልእክት ምንድን ነው?» አሉ።

«ስለ ጀሪካን ነው» አልናቸው።

እውነታችንን ነበር። መቀሌ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚህ ከተማ ውኃ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ሌሊት ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ዘፈናችን ወረፋ ላይ ስለቆመ ቢጫ ጀሪካን ነበር።

«ከልማት ጋር ታያይዙታላችሁ?» አሉን። «አይ፣ ስለ ጀሪካን ብቻ ነው» አልን። ፈገግ ብለው «ተመልሳችሁ ኑ» አሉን። ተመልሰን ሄድን። እንደገና ተመልሰን ሄድን። አዳራሹ ባዶውን ከረመ።

ቀጥሎ አንድ የቢራ ድርጅት ሰው አገኘን። «ገንዘቡ ችግር የለውም» አለን። ቲሸርት እንለብሳለን፣ ከጀርባችን ባነር ይሰቀላል። «ያቺን የጀሪካን ነገር ግን ተዉአት፤ ሰው ሊዝናና ነው የሚመጣው።» ልብ በሉ። አንዱ መልእክት አጣንባችሁ አለን፣ ሌላው መልእክት በዛባችሁ አለን፤ ሁለቱም ግን የጠሉት ያንኑ ዘፈን ነው!

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ የአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ራሱ ነው። ዘመናዊ ሙዚቃችን ያደገው በመንግሥት ቤት ነው። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እያልን ብንቆጥር፣ ሳክስፎኑ የመንግሥት፣ ነፊው ደሞዝተኛ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት እንኳ በብቸኝነት ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ይህን እገዳ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እዚህ የሚያትምለት ስለሌለ ሕንድ አገር ልኮ ነው ያስቀረጸው። አምኃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ሙዚቃ ግማሽ ጎኑ የዚያ እምቢተኛ ልጅ ሥራ ነው። ፈቃድ ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም ተመልሰህ ና እየተባለ በነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። አምኃ አገር ለቆ አሜሪካ ገባ። ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለው፤ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። በረሃ የወጡትም የባህል ቡድን ነበራቸው፤ ክራሩና ከበሮው ያለቅሳል፣ ያዋጋል፣ ያወድሳል። የእነዚያን ዘፈኖች ውበት አንክድም፤ እናቶቻችን ዛሬም ያለቅሱባቸዋል። ነገር ግን በሁሉም ዘመን ዘፈን ሥራ ተሰጥቶት ነው የኖረው። ያለ ሥራ፣ ያለ ደሞዝ፣ ያለ አለቃ የቆመ ዘፈን ሲመጣ ምን እንደምናደርገው አናውቅም። ስለዚህ መልእክቱን እንጠይቀዋለን።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ።

አንደኛዎቹ «ይህ ባህላችን አይደለም» ይሉናል። ለእነሱ ጌታቸው መኩሪያን እንጥራላቸው። ጌታቸው ሽለላን ከተዋጊው አፍ ወስዶ በሳክስፎን የነፋ ሰው ነው። ዘ ኤክስ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ ፓንክ ባንድ አለ። በ2002 ራሳቸው ተሸክመው ራሳቸው አዘጋጅተው ኢትዮጵያን እየዞሩ ተጫወቱ፤ በ2004 ደግሞ ለ25ኛ ዓመታቸው ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዙት። ሰባ ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው የፖሊስ ኦርኬስትራ ሽማግሌ ከፓንኮች ጋር ቆሞ ነፋ። ወደደውና አብረውት እንዲቀዱ ራሱ ጠየቃቸው። በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» የዚያ ፍሬ ነው፤ ያሳተመውም የባንዱ ጊታሪስት የራሱ ትንሽ አሳታሚ ነው። ጌታቸው በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ወዳጅነታቸው ቀጠለ። እንግዲህ ሽለላ የነፋው ሰው ከፓንክ ጋር ካልተጣላ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው የምትጣሉለት? ጃኖ ባንድም በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የሚጮህ ጊታርና የአገራችን ቅኝት ተስማምተው እንደሚኖሩ አሳይቷል። የጃኖ መንገድ ግን የትልቅ መድረክ መንገድ ነው። እኛ የምንለው ስለ ትንሹ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «አዝማሪውስ? ዋጣውን ይዞ ከመንደር መንደር የሚዞረው ሰው ከእናንተ በፊት ፓንክ አልነበረም?» ሊለን ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። በራሱ እግር ይዞራል፣ በሰም ይሰድባል፣ ማንንም አያስፈቅድም። ግን አዝማሪ የሚበላው ከሚያሞግሰው ሰው እጅ ነው። ጌታው ግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍለት ግጥሙ ይለሰልሳል። አዝማሪው ከመድረክ ሲወርድ እንዲራብ ያደረግነው እኛው ነን፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መፍትሔው አንድ ሀብታም መቶ ብር ከሚለጥፍ መቶ ሰው በር ላይ ትንሽ ትንሽ ቢከፍል ነው። ፉጋዚ የሚባሉ የዋሽንግተን ፓንኮች የትኬታቸውን ዋጋ ለዓመታት 5 ዶላር ላይ አቆይተው፣ ለሕፃን ለአዋቂ ሳይለዩ በራቸውን ከፍተው ተጫውተዋል። ያው አምኃ እሸቴም በስደት ዘመኑ የኖረባት፣ የእኛ ሰው የሞላባት ዋሽንግተን ናት።

ሁለተኛዎቹ ተቃዋሚዎቻችን ይከብዱናል። «ይህ ሁሉ ሐዘን ባለበት ከተማ፣ አሁን የጊታር ጊዜ ነው ወይ?» ይሉናል።

ለዚህ ቀልድ የለንም። ጦርነቱ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ባንዱ ቀድሞ ተበትኖ ነበር፤ መሣሪያው ግን አንዳችን ቤት ነበር። ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። ድራሙን በጤፍ ለወጥነው፤ አምፕሊፋየሩን የገዛን እንኳ አልነበረም። ከአራታችን አንዱ ዛሬ የለም። ስለ እሱ እዚህ አንጽፍም፤ እህቱ ይህን ገጽ ታነባለች። ሌላው ተሰዶ ሄዷል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ሁለት ቀርተን ነበር።

በእነዚያ ጨለማ ወራት ማታ ማታ በአንድ ግቢ ተሰብስበን እንቀመጥ ነበር። የምንሰካው ጊታር ስላልነበረ ክራር ነበር የሚመታው። አንድ ምሽት አንዲት የሰፈር ልጅ የጀሪካኑን ዘፈን ጀመረች። እኛ ስንጮኸው የኖርነውን እሷ ቀስ ብላ ዘፈነችው። ሰው ሁሉ ተቀበላት፤ አረጋውያኑም ጭምር። ጀሪካኑ እውነትም ባዶ ነበር። መልእክቱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ጊዜው ነው ወይ?» ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው፤ ያቺን ልጅ ጠይቋት።

ዛሬ ሙዚቃ ወደ ከተማችን ተመልሷል፤ ሰርጉም መድረኩም አለ። የተመለሰው ግን ከነባለቤቶቹ ነው። ያው አዳራሽ፣ ያው ባነር፣ ያው ጥያቄ። ወጣቱ ደግሞ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ እንደ ወዳጃችን ስፖንሰር ይፈልጋል። የምንፈራው ዝም ማለትን ብቻ አይደለም፤ በቀጣዩ ክፉ ቀን እንደገና የሚከፍለን ሰው የሚያዝዘንን ብቻ እንዳንዘፍን ነው።

ምን ይደረግ? አንድ ባዶ ክፍል፣ የማክሰኞ ሞንታርቦ፣ በር ላይ የምትቀመጥ ሣጥን፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት የሚሰጣቸው ሦስት ባንዶች። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ቱር ማለትም በየከተማው ምንጣፍ የሚያነጥፍና እራት የሚያካፍል አንድ ሰው ማግኘት ነው። አዲግራት ላይ አንድ ነበረን። ወልድያ ላይ፣ ደሴ ላይ፣ ጎንደር ላይ ግን የለንም። ይህን በአማርኛ የምንጽፈውም ለዚህ ነው፤ የወልድያው ልጅ እንዲያነበው። ወንድም፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ምንጣፍ ይኖርሃል? አንተ ስትመጣ እኛ ጋ አለ። ምን እንደሆንን አንዳችን ለሌላው ሳያስፈቅድ ሊነግረው የሚችለው እንዲህ ነው፤ ሌሎች ስለ እኛ ብዙ ተናግረውልናል።

ስፖንሰር ለሚፈልገው ወዳጃችን፦ አንድ ክር የጎደለው ጊታር አለን። ማክሰኞ ና።

ቸር እንሰንብት።